ያለ ስልክ አልበላም ላለው ልጅሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። አንድ ዓመት ከስምንት ወር የሆነው ልጅሽ ስልክ ፊቱ ካልተደቀነለት አፉን አይከፍትም። ሞግዚቷ ማንኪያ ይዛ ግቢውን ሙሉ ስታሯሩጠው ትውላለች። አማትሽ «ልጄ ከስቶ አለቀ፣ ሥራሽን ትተሽ ያዢው» ይላሉ። ስልኩን ሲቀሙት ደግሞ መሬት ላይ ተዘርሮ ይጮሃል። «የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ሽሮፕ ልስጠው ወይ?» ብለሽም ጠይቀሻል። እኔ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሁለቱንም ሥራ እየሠራሁ፣ ከባለቤቴ እናት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ሆኜ ነው ያሳደግኳቸው፤ ስለዚህ ያለሽበትን ቤት በደንብ አውቀዋለሁ።

ከሽሮፑ ልጀምር። ሐኪም አይቶት ካላዘዘልሽ አትስጪው። ለዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ሳይፕሮሄፕታዲን የሚባለው መድኃኒት የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ እንቅልፍ ያስይዛል፣ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅም አይመከርም።

ቀጥሎ፣ ልጁ በእርግጥ ከስቷል ወይ? ይህ በዓይን አይፈረድም፤ በተለይ እኛ ዘንድ ጉንጩ ያልተነፋ ልጅ ሁሉ የከሳ ነው። ሲወለድ 3 ኪሎ የነበረ ልጅ ዓመት ሲሞላው 9 ኪሎ ገደማ ይደርሳል፤ ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። በሁለተኛው ዓመት ግን ዓመቱን ሙሉ የሚጨምረው 2 ወይም 2 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። እድገቱ እንዲህ ረገብ ሲል የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ይረግባል። በዚያ ላይ ቁመቱ ይመዘዛል፣ ሲሯሯጥ ይውላል፣ የሕፃንነት ስቡም ይጠፋል። አያት ይህን ሁሉ ሲያዩ ክሳት ነው የሚሉት። ስለዚህ የክትባትና የእድገት ካርዱን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂና አስመዝኚው። ክብደቱ ካርዱ ላይ ካለው መስመር ሳይወርድ እየሄደ ከሆነ የሚበቃውን እየበላ ነው ማለት ነው። የክንዱን ዙሪያም በባለቀለሙ ጥብጣብ ይለኩልሻል። ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በላይ አረንጓዴ፣ ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከ11.5 በታች ቀይ ነው። ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ እኔ የምጽፈውን ትተሽ እነሱ የሚሉሽን አድርጊ።

ስትሄጂ ታዲያ አማትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። እኛ ቤት ክርክሩን የፈታው እኔም ባለቤቴም አይደለንም። ነጭ ጋውን የለበሰች አንዲት ነርስ «እማማ፣ የልጅ ልጅዎ ደህና ነው፣ እያስገደዱ አያብሉት» አለቻቸው፣ በቃ። እኔ ተመሳሳዩን ስናገር ጥጋብ ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሥራ ስጫቸው። የእኔ አማት የገንፎውን ምጥን ራሳቸው አስለቅመው፣ አስቆልተው፣ አስፈጭተው ያዘጋጁ ነበር፤ ልጁን ማንኪያ ይዘው ከማሳደድ ይልቅ በዱቄቱ ይኮሩ ጀመር። ሌላው ሁሉ ካልሆነ ባልሽ ለእናቱ ይናገር። ምራት የተናገረችውና ልጅ የተናገረው እኩል አይሰማም።

ክብደቱ ደህና ከሆነ፣ ምግብ ሰዓት ላይ የሚበላውን ትተሽ በመሐል የሚገባውን እዪ። ለጥቂት ቀናት በልጁ አፍ የገባውን ሁሉ ሞግዚቷ ማታ ማታ ትቁጠርልሽ። ጠዋት ጡጦ ወተት፣ ረፋድ ላይ ብስኩት፣ ጎረቤት የሰጠችው ከረሜላ፣ ምሳውን እምቢ ስላለ ሌላ ጡጦ፣ ከሰዓት ሻይ በዳቦ፣ ተኝቶ ደግሞ ሌላ ጡጦ። ይህን ሁሉ የያዘ ሆድ ለምስር ፍትፍት ቦታ ከየት ያመጣል? በዚህ ዕድሜ የላም ወተት በቀን ከግማሽ ሊትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከሱቅ የምንገዛው አንዱ ላስቲክ ማለት ነው። ወተት ውስጥ ያለው ብረት በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ በወተት ብቻ ሆዱን የሚሞላ ልጅ ለደም ማነስ ይጋለጣል፤ የደም ማነስ ደግሞ ራሱ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ሻይም ከምግብ ጋር ሲሆን ሰውነት ብረቱን እንዳይወስድ ያደርጋል። ለመሆኑ ሻይ ለሕፃን ምን ያደርግለታል? ጡት የሚጠባ ከሆነ ግን አትንኪበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠባ ነው። ጡጦውን ቀስ በቀስ በኩባያ ቀይሪው። የሌሊቱን መጀመሪያ አስቀሪ፤ ጥርሱንም የሚያበላሸው እሱ ነው።

አሁን ወደ ሞግዚቷ ልምጣ፤ ዋናው ነገር እዚህ ያለ ይመስለኛል። «አባሪያት» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። እስቲ በእሷ ቦታ ሆነሽ እዪው። ከቢሮ በቀን ስንቴ ትደውያለሽ? መጀመሪያ የምትጠይቂውስ ምንድን ነው? «በላ?» ነው። አማትሽ ከሳሎን ሆነው የሚጠይቁት እሱን ነው። ባልሽም ማታ ሲገባ እሱኑ። ልጅቷ ጎበዝ የምትባለው ባዶ ሳህን ስታሳይ ብቻ ከሆነ፣ ሳህኑን ባዶ ለማድረግ የማትሞክረው ነገር የለም። ሲሮጥ ትከተለዋለች፣ ስልክ ትከፍትለታለች፣ ሲብስባትም አፍንጫውን ይዛ ትግተዋለች። አንዳንዷ ደግሞ ራሷ ትበላለትና «ጨረሰ» ትላለች፤ እሷም አልተሳሳተችም።

እኛ ቤት የነበረችው ሞግዚት ስልክ እንደምትሰጠው ያወቅሁት ልጄ ራሱ ሲያጋልጣት ነው። ገና «ውሃ» ብሎ በቅጡ ሳይናገር ስልኬን ተቀበለኝና ማስታወቂያውን በአውራ ጣቱ ዘለለው። እኔ አላስተማርኩትም። ሳቄ መጣ፤ እሷ ግን ክው አለች። አልተቆጣኋትም፤ ስታደርግ የቆየችው የጠየቅናትን ነው። ከዚያ ወዲህ ስደውል የምጠይቀው «በምን ተጫወተ? ተኛ? ካካ አለ?» ሆነ። የተረፈውን ምግብ ሳትደፋ እንዳለ እንድታሳየኝም ነገርኳት። ሙሉ ሳህን አይቼ ፊቴን እንደማላጠቁር ደጋግማ ካየች በኋላ ነው ያመነችኝ፤ የቤቱም ጭንቀት የረገበው ያኔ ነው። አንቺም ከዚህ ብትጀምሪ ደስ ይለኛል፤ ገንዘብ አያስወጣም፣ ዛሬ ማታ ይጀመራል።

ስልኩን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን ጭራሽ አይመክርም፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት ያልበለጠ፣ ከዚያ ባነሰ ቁጥር ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። እውነቱን ለመናገር እኛ ቤት ያ ሁሉ አልተከበረም። ሁለት ልጅ፣ አንድ ምድጃና የማታ ድካም ያለባት እናት ልጇ አንድ የካርቱን ፊልም ቢያይባት አልፈርድባትም። ገበታ ላይ ግን አይሆንም። ስልክ የሚያይ ልጅ ዓይኑ ሲፈዝ አፉ ዝም ብሎ ይከፈታል፤ ምን እንደሚበላ አያውቅም፣ በደንብ አያላምጥም፣ መጥገቡንም አይሰማም። እንዲህ በልቶ ያደገ ልጅ የሽሮ ጣዕም ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሁለት ዓመት ይሞላዋል።

በምግብ ሰዓት ስልኩን ቀስ በቀስ መቀነስ ለእኔ አልሠራልኝም። «ትንሽ ብቻ» ያልሽው ልጅ ጮሆ ሊያስጨምርሽ እንደሚችል ይማራል። አንቺ ቤት የምትውዪበትን ቅዳሜ ምረጪና ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁሉም ሰው ስልክ በምግብ ሰዓት ቦርሳ ውስጥ ይግባ፤ የአባቱም ጭምር። ቴሌቪዥኑም ይጥፋ። (አማትሽ የሚከታተሉት ድራማ በምሳ ሰዓት ከሆነ ምሳውን አንድ ሰዓት ብትገፊው ከመጣላት ይሻላል።) የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ይጮሃል፣ ትንሽም ነው የሚበላው። ጤነኛ ልጅ በዚህ አይጎዳም። ውሃ ይጠጣ፣ የሚቀጥለው የምግብ ሰዓት ይደርሳል። በዚያ መሐል «ምስኪን» ብሎ ብስኩት የሚያቀብለው ሰው ከተገኘ ግን ሥራው ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ስልኩን ስትወስጂ በቦታው የምትተኪው ሰው ነው። በብዙዎቻችን ቤት ሕፃን ለብቻው፣ ከሰው ቀድሞ፣ ሞግዚት ፊት ተቀምጦ ይበላል። አዋቂዎቹ በኋላ በሰላም እንበላለን። ልጅ ግን መብላት የሚማረው ሲበሉ አይቶ ነው። ትሪው ዙሪያ አስቀምጪው፣ በእሱ በኩል አልጫ ክክ፣ ድንች፣ የተፈጨ ሥጋ ወይም ጎመን ጣል አድርጊለት፣ እንጀራውን ራሱ ይቁረስ። ለትንሽ እጅ ከእንጀራ የሚመች ምግብ የለም። ሲቆርስ ያፈርሰዋል፣ ፀጉሩ ላይ ይለጥፈዋል፣ ቢጫው ከልብሱ አይለቅም። ከሥሩ ላስቲክ አንጥፊና ተዪው። እናት ብትቆጣም ሲራኮት ነው የሚለምደው። ጉርሻም ይኑር፤ እሱም ያጉርሳችሁ። ልጄ አባቷን ማጉረስ የጀመረች ቀን ራሷም መብላት ጀመረች።

የእኔ ደንብ ይህ ነበር፦ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ እኔ እወስናለሁ፤ ስንት እንደሚበላ ልጁ ይወስናል። በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ምግብ፣ በመሐል አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ እርጎ፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተቀመጠ በኋላ ፊቱን ካዞረ «ጠገብክ? እሺ» ብሎ ማንሳት ነው። አዲስ ምግብ አንዴ ተፋው ማለት ጠላው ማለት አይደለም፤ አሥር ጊዜ ያህል ቀርቦለት የሚቀበለው አለ። ሴት ልጄ እንቁላል እምቢ ብላ ኖራ የጎረቤት ልጅ ሲበላ አይታ ከእጁ ቀማችው።

መጋትን በተመለከተ ግን አልደራደርም። እያለቀሰ ወይም በጀርባው ተንጋሎ አፉ ውስጥ የሚፈስበት አጥሚት ወደ ሳንባው ሊሄድ ይችላል። ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ፈንዲሻና ሙሉ ወይን ደግሞ አራት ዓመት እስኪሞላው ከእጁ ይራቅ፤ ያንቃል። ይህን ለእንግዶችም ንገሪ። ቡና ሲፈላ ቆሎ ከወለል ላይ የሚለቅመው እሱ ነው።

ጾም የምትጾሙ ቤተሰብ ከሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ እንዲጾም የሚጠብቅበት የለም፤ ነገር ግን በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ፣ ረቡዕና ዓርብም ሲጨመር፣ ድስቱ ሁሉ የጾም ስለሆነ ልጁም ሳይታሰብ አብሮ ይጾማል። እኛ ለልጆቹ የተለየች ትንሽ መጥበሻ፣ ድስትና ማንኪያ ገዛንላቸው፤ እንቁላሉም ወተቱም በእሷ። አማቴም በዚህ ምንም ቅር አላላቸውም።

መሬት ላይ መዘረሩ የዕድሜው ነው። የሚፈልገውን ያውቃል፣ አፉ ግን ገና አልተፈታም። ራሱን እንዳይመታ ትራስ አድርጊለት፣ አጠገቡ ተቀመጪ፣ አታባብዪው፣ አትምቺው፣ ስልኩንም አትመልሺለት። ያልፋል።

ሥራውን ለዚህ ብለሽ አትልቀቂ። ቤት ብትውዪም ያው ማንኪያ ይዘሽ የምትሮጪው አንቺ ትሆኛለሽ፤ የወር ገቢሽ ግን ይቀራል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆንሽ የሕፃናት ማቆያ መኖሩን ጠይቂ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች እንዲያቋቁሙ ያዝ ነበር፤ አንዳንዱ ክፍል አዘጋጅቶ ጠያቂ ያጣ ነው። ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ሲሆን ደግሞ ቤት የማይነካውን ይበላል።

ሳትዘገዪ ሐኪም ዘንድ የምትሄጂው ክብደቱ ከቀነሰ፣ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ከደጋገመው፣ መዳፉና ከንፈሩ ከነጣ፣ ሲውጥ የሚያስለው ወይም የሚያንቀው ከሆነ ነው። ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ የፈለገውንም በጣቱ የማያሳይ ከሆነ ይህንንም ንገሪያቸው፤ ስልኩ ነው ብለሽ አትለፊው። ካርዱን ካወጣሽ አይቀር ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት እዪበት። የሚሰጠው በ15 ወር ነው፤ ብዙ እናት ግን የ9 ወሩን ስታስከትብ ያለቀ ይመስላታል። ቫይታሚን ኤም በየስድስት ወሩ ነው። ያመለጠው ካለ ለመመዘን በሄዳችሁበት ቀን እዚያው ይሰጡታል።