ውርጭ የመታውን ብርቱካን ለመንቀል አይቸኩሉ

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ከሸዋ ሮቢት ያመጣሁትን የተዳቀለ የብርቱካን ችግኝ ሐምሌ ላይ ከጓሮዬ ዝቅ ብሎ ካለው ሜዳ ተከልኩት። ክረምቱን ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ሰሞኑን በህዳር ደግሞ አንድ ጠዋት ብነሳ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ጠበቀኝ። ዩሪያ ልጨምርለት ወይስ ነቅዬ ልጣለው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ዩሪያውን ወዲያ ያድርጉት። አሁን ማዳበሪያ ቢያገኝ ለጋ ቅጠል ያወጣል፤ ለጋውን ደግሞ የሚቀጥለው ውርጭ ይለቅመዋል።

መቁረጫም አያንሱ። ግንዱን በጥፍርዎ ፋቅ አድርገው ይዩት። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ከሆነ አልሞተም። ቡናማና ደረቅ ከሆነ አረንጓዴ እስኪያገኙ ወደ ታች ወረድ እያሉ ይፋቁ። የደረቀውን የሚቆርጡት ውርጩ አልፎ አዲስ ቅጠል ሲያቆጠቁጥ ነው። ያን ጊዜ የሞተውና የተረፈው ራሱ ይለይልዎታል። እኔ ሥራውን ስጀምር ቸኩዬ የቆረጥኩትን እስካሁን እቆጨበታለሁ። ደግሞ ግንዱ ላይ የተዳቀለበትን ቋጠሮ ይዩ። ከቋጠሮው በታች ብቻ ካቆጠቆጠ ብርቱካኑ ሄዷል፤ የቀረዎት የሥሩ ዝርያ ነው።

ዋናው ጥፋት ግን ቦታው ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ደብረ ብርሃን ከ2,800 አያንስም። ጣርማበርን ሲወጡ ሰውም ጋቢ ይደርባል። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው። ሌሊት እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ክረምት ደግሞ ያው ሜዳ ውሃ ይቋጥራል፤ መረሬ አፈር ከሆነማ ሥሩ ይታፈናል። ቢጫነቱን የማየው ከዚህ ነው። ብርዱም አለበት፤ ብርቱካን ከ13 ዲግሪ በታች እድገቱን ያቆማል።

ከተረፈልዎት ውርጩ ሲያልፍ ከነአፈሩ አንስተው ወደ ቤትዎ ያስጠጉት። በህዳርና በታህሳስ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ ከግድግዳው ወይም ከድንጋይ ካቡ በደቡብ በኩል ይትከሉት። ድንጋዩ ቀን የሞቀውን ሌሊት ይመልስለታል። አፈሩን እንደ ጉብታ ከፍ ያድርጉት፤ ቋጠሮው አፈር አይንካው።

እስከ ጥር ድረስ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ የሌለበት ምሽት ሲመጣ ውርጭ ይጠርጥሩ። ከሥሩ ያለውን ገለባ ገለል ያድርጉና አፈሩን ቀን ላይ ውሃ ያጠጡት። እርጥብና ገላጣ አፈር የፀሐይ ሙቀት ይይዛል። ማታ 4 እንጨት ተክለው ጆንያ ወይም አሮጌ ባና ያልብሱት፤ እስከ መሬት ይድረስ። ሙቀቱ የሚመጣው ከመሬት ስለሆነ ግንዱ ላይ ጠቅልለው አይሰሩት። ላስቲክ ቅጠሉን ከነካ ያቃጥለዋል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይግለጡት።

እንደገና ከገዙ መንደሪን ይምረጡ፤ ብርድ ይችላል። ሎሚና ትርንጎ ለእናንተ አገር አይሆኑም፤ መጀመሪያ የሚመቱት እነሱ ናቸው። ጣዕሙን ግን ከቆላው ጋር አያወዳድሩ፤ ሙቀት ያነሰው ፍሬ ኮምጠጥ ይላል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ግማሽ በርሜል ውስጥ ተክዬ በውርጭ ሌሊት በረንዳ አስገባው ነበር። ታቹን መብሳት እንዳይረሱ።