«ፊቱ ይጠቁራል» ሲባል ተጫዋቹ ምን ያነባል?

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ልጆች አርፒጂ የሚሉትን ዓይነት፣ ተጫዋቹ የአንድ ጀግና ሚና የሚይዝበት የኮምፒውተር ጨዋታ (የሚና ጨዋታ) በአማርኛ እየሠራን ነው። ጀግናው ከሐይቅ ተነሥቶ፣ በደሴና በኮምቦልቻ አልፎ ባቲ ገበያ ይወርዳል። በመንገዱ ላይ ተጫዋቹ በሚመርጠው ሥራ የጀግናው መልክ ይለያያል፤ ሲበላ ይወፍራል፣ ሲዘርፍ መልኩ ይከፋል፣ ዕድሜው ሲገፋ ይሸብታል። «የገጸ ባሕርዩ መልክ ይቀየራል» ብለን ጻፍን፤ አንዱ ጓደኛችን ግን «ይለወጣል» ነው የሚባለው ብሎ ተከራከረን። ደግሞም «ክፉ ስትሠራ ፊትህ ይጠቁራል» የሚለውን መመሪያ ያነበቡ ልጆች «ይናደዳል ማለት ነው?» ብለው ጠየቁን። እንዴት እናርመው?

መልስ፦ አብሽሩ፤ ሁለቱም ግሦች ትክክል ናቸው፣ ቦታቸው ግን ይለያያል። ቀየረ የሚባለው አንዱ ተነሥቶ ሌላው በቦታው ሲገባ ነው፤ ልብስ ይቀየራል፣ ቤት ይቀየራል፣ መንገድ ይቀየራል። ተለወጠ የሚባለው ደግሞ ያው ነገር እዚያው ሳለ ሌላ ዓይነት ሲሆን ነው፤ ጠባይ ይለወጣል፣ የወንዝ ውሃ ቀለሙ ይለወጣል። በንግግር እንደሚቀላቀሉ የታወቀ ነው፤ ለወጠ ራሱም ከብት በከብት ለመለዋወጥ ሲያገለግል የኖረ ግሥ ነው። ለጨዋታ ጽሑፍ ግን ልዩነቱን መጠበቅ ይጠቅማችኋል፤ በሚና ጨዋታ የመልክ ለውጥ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነውና።

አንዱ ተጫዋቹ ሆን ብሎ በእጁ የሚያደርገው ነው። ባልደርስ ጌት 3 (2023) በተባለው ጨዋታ ካምፑ ውስጥ ካለው የአስማት መስታወት ፊት ቆሞ ፀጉሩን፣ ጺሙን፣ የቆዳውን ቀለም ይቀይራል፤ ካልወደደው መልሶ ይቀይረዋል። ሌላው ሌላ ነገር ሲመርጥ ተከትሎት የሚመጣው ነው። በዚያው ጨዋታ ኃይል ለማግኘት ብሎ የጠላቶቹን ልዩ ትል ወደ አእምሮው ለማስገባት የፈቀደ ጀግና ፊቱ ላይ ጥቁር የደም ሥሮች ይወጣሉ። ይህን ተጫዋቹ አልቀየረውም፤ ጀግናው ነው የተለወጠው። ስለዚህ ሜኑው ላይ «መልክ ቀይር»፣ የምርጫ ውጤት በሚነገርበት ቦታ «መልኩ ተለወጠ» ብትሉ ተጫዋቹ የትኛው በእጁ እንዳለና የትኛው እንዳመለጠው ከግሡ ብቻ ይረዳል።

ዋናው ምክሬ ግን ሌላ ነው። በተቻላችሁ ቦታ ሁሉ ሁለቱንም ተዉአቸው። «መልኩ ተለወጠ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለዓይን የሚያሳየው ነገር የለም። አማርኛ የአካልን ለውጥ በአንድ ግሥ የመያዝ ሀብት አለው፤ ወፈረ፣ ከሳ፣ ቀላ፣ ነጣ፣ ገረጣ፣ ወየበ፣ ሸበተ፣ ጎበጠ፣ ጠወለገ፣ ፈረጠመ። «ፀጉሩ ነጭ ሆነ» ከሚለው «ሸበተ»፣ «ጡንቻው ትልቅ ሆነ» ከሚለው «ፈረጠመ» ይበልጣል። በመልክ ለውጥ ስሙ የሚነሣውን የፌብልን (2004) ጀግና ብትወስዱ፣ ጉልበቱን ያሳደገ ይፈረጥማል፣ ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ያረጃል፣ በውጊያ የተመታ ጠባሳ ያወጣል፣ አስማት ያበዛ ቆዳው ላይ ሰማያዊ መስመሮች ይበራሉ። ደጉን ቢራቢሮ ይዞረዋል፤ ክፉው ቀንድ ያወጣል፣ ዝንብም ይወረዋል። ይህን ሁሉ ለመናገር «ይቀየራል» የሚል ቃል አንድም ቦታ አላስፈለገም።

ወደ ጠቆረው ፊት እንምጣ። ልጆቹ በትክክል አንብበዋል፤ ጥፋቱ ያለው ጽሑፉ ላይ ነው። በአማርኛ ፊት የስሜት ማደሪያ ነው። ፊቱ ጠቆረ ማለት ቅር አለው፣ ፊቱን አጠቆረ ማለት ቅሬታውን አሳየ፣ ፊቱ በራ ማለት ደስ አለው፣ ዓይኑ ደም ለበሰ ማለት ተቆጣ ነው። «ፊቱ ተለዋወጠ» ስንል እንኳ ሰውየው ደነገጠ ማለታችን እንጂ አፍንጫው ሌላ ሆነ ማለታችን አይደለም። ስለዚህ እውነተኛ የአካል ለውጥ ለመናገር ፊት የሚለውን ጥቅል ቃል ትታችሁ ክፍሉን ጥሩት፤ ቆዳው፣ ጉንጩ፣ ከንፈሩ፣ የዓይኑ ብሌን። በናይትስ ኦፍ ዘ ኦልድ ሪፐብሊክ (2003) የጀግናው ምግባር ከ0 እስከ 100 ይለካል፤ መነሻው 50 ነው። ወደ ጨለማው ወገን እየወረደ የሄደ ጀግና ይገረጣል፣ የፊቱ የደም ሥሮችም ይታያሉ። ይህን በአማርኛ «ቆዳው ገረጣ፤ የደም ሥሮቹ ከላይ ይታዩ ጀመር» ብትሉ ማንም ቁጣ ነው ብሎ አይሳሳትም። «የደም ሥሩ ተገታተረ» ካላችሁ ግን ተመልሳችሁ ቁጣው ውስጥ ገባችሁ።

ጠቆረ የሚለውን ለክፋት ማዋል ሌላም ጉዳት አለው፤ ይኼኛው ከቋንቋም አልፎ ሰው ይነካል። ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ጥቁር፣ ቀይ የምንላቸው የሰዎቻችን መልኮች ናቸው። ተጫዋቹ መጀመሪያ ላይ ጥቁር ወይም ጠይም ጀግና ከመረጠ፣ «ክፉ ስትሠራ ትጠቁራለህ» የሚለው መመሪያ እሱን መስደብ ነው። በሥራም አያዋጣም፤ የቆዳውን ምስል እያጨለመ የሚሄደው ፕሮግራም ቀዩን ጀግና በግልጽ ሲለውጠው በጥቁሩ ላይ ምንም አያሳይም፤ ጥቁሩን የመረጠ ተጫዋች ምርጫው ዋጋ እንዳለው ሳያይ ይቀራል። መፍትሔው ቀለሙን ትቶ ወዙን መያዝ ነው። ወዙ ጠፋ፣ ጉንጩ ጎደጎደ፣ አመዱ ቡን አለ፤ በተቃራኒው ወዙ ተመለሰ፣ ጉንጩ ሞላ፣ ደም ግባት አገኘ። እነዚህ በማንኛውም የቆዳ ቀለም ላይ ይሠራሉ። ለሥዕል ሠሪያችሁም ግልጽ ትእዛዝ ናቸው፤ የቆዳውን ብርሃን የመመለስ መጠን ይቀንሳል፣ ጉንጩን ያጎደጉዳል፣ የመነሻውን ቀለም ግን አይነካውም።

መጠንን በተመለከተ፦ ጨዋታው ለውጡን የሚይዘው በቁጥር ነው። ቅርጹ ቀስ እያለ ይንሸራተታል፤ ጽሑፉ ግን እንዲህ ሊንሸራተት ስለማይችል ደረጃ ያስፈልገዋል። አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ መሣሪያ አለው። ክብደትን ከ0 እስከ 100 የምትለኩ ከሆነ፣ 25 ላይ «ወፈር ብሏል»፣ 50 ላይ «ወፍሯል»፣ 75 ላይ «በጣም ወፍሯል» በሉ። «ወፈር አለ»፣ «ሸበት አለ»፣ «ጎበጥ አለ» የሚለው አነጋገር ጥቂት መሆኑን ስለሚናገር «ትንሽ» የሚል ቃል አትጨምሩበት። ቁጥሩ ገና እየሄደ ሳለ ደግሞ «እየወፈረ መጥቷል» ይባላል። ወፈረና ወፍሯል አንድ እንዳይመስሏችሁ፤ ወፈረ የሆነውን ይተርካል፣ ወፍሯል አሁን ያለበትን ያሳያል። የጀግናው ሁኔታ በሚታይበት ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ሁልጊዜ ሁለተኛው ነው።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ድንበሩ ነው። ጀግናው 50 ላይ ቆሞ አንድ እንጀራ ሲበላ 51፣ አንድ ተራራ ሲወጣ 49 ከሆነ፣ ጨዋታው በየደቂቃው «ወፈረ»፣ «ከሳ»፣ «ወፈረ» እያለ ይለፈልፋል። መውጫውንና መውረጃውን ለዩት፤ ሲወጣ 50 ላይ ያስታውቅ፣ ሲወርድ 45 እስኪደርስ ዝም ይበል። ሲወርድም «ከሳ» አትበሉ። ከ51 ወደ 45 የወረደ ሰው «ቀነሰ» ወይም «ሸንቀጥ አለ» ነው የሚባለው። ከሳ ዝቅተኛው ጠርዝ ላይ ይቆይ፤ «ምነው ከሳህ?» የሚል ሰው ጤና እየጠየቀ ነውና።

ወፈረ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በጂቲኤ ሳን አንድሪያስ (2004) አብዝቶ የበላ ዋና ገጸ ባሕርይ ስብ ያወጣል፤ ሳይበላ ከቆየ መጀመሪያ ስቡ፣ ቀጥሎ ጡንቻው ይቀንሳል። እዚያ ውፍረት ቅጣት ነው፤ ሩጫ ያዳክማል። በእኛ ጆሮ ግን «ወፍረሃል» ብዙ ጊዜ ምርቃት ነው፣ ተመቸህ፣ አማረብህ ማለት ነው። ቅጣት መሆኑን ማሳየት ከፈለጋችሁ ውጤቱን አያይዙ፤ «ወፍሯል፤ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል»። ያለዚያ ከደሴ ወደ ጦሳ ተራራ የሚወጣው ተጫዋች ለምን እንደዘገየ ሳይገባው ይቀራል።

አድራጊው ማን እንደሆነ የሚናገረው የግሡ ቅርጽ ነው። ጺሙ አደገ ማለት በራሱ መጣ፣ ጺሙን አሳደገ ማለት ፈልጎ ነው። በዘ ዊቸር 3 (2015) የጀግናው ጺም ጊዜ ሲሄድ ያድጋል፤ ፀጉር አስተካካይ ቤት ሲገባ ይላጫል። መጀመሪያውን «ጺምህ አድጓል»፣ ሁለተኛውን «ጺምህን ተላጨህ» በሉት። ምክንያቱ ውጭ ሲሆን «አ» ብቻ ይበቃል፤ ረኀብ አከሳው፣ ሕመም አገረጣው፣ ጭንቀት አሸበተው። «አስከሳው» ወይም «አስገረጣው» አያስፈልግም፤ «አስ» በሌላ ሰው እጅ ለሚሆን ነገር ይቆይ፣ ፀጉሩን አስቆረጠ እንደሚባለው።

የሁኔታ አያያዦችን መምረጥም ቀላል አይደለም። «ከዘረፍህ ወዝህ ይጠፋል» አንድ ጊዜ በቂ ነው ማለት ነው። «በዘረፍህ ቁጥር ወዝህ እየጠፋ ይሄዳል» እየተጠራቀመ የሚመጣውን ይናገራል። ሁለቱን ካቀላቀላችሁ ተጫዋቹ አንዴ ዘርፎ ለውጡን ይጠብቃል፤ ሲያጣው ጨዋታው ተበላሽቷል ብሎ ያስባል። መመለስ የሚቻል ከሆነም ዋጋውን ጭምር ንገሩት። በማስ ኢፌክት 2 (2010) የጭካኔውን መንገድ የያዘ ጀግና የፊቱ ጠባሳ እየሰፋ ቀይ ያበራል፣ የደጉ ይድናል፤ ያልወደደው ግን በመርከቡ ሕክምና ክፍል በጨዋታው ከሚሰበሰበው ማዕድን 50,000 ፕላቲነም ከፍሎ ያስጠፋዋል። በአማርኛ «ጠባሳው በራሱ ይሽራል» እና «ጠባሳውን ማስጠፋት ይቻላል» ሁለት የተለያዩ ተስፋዎች ናቸው።

ሲጀመር ጀግናውን ለሚሠራው ሜኑ ቅጽል ይበቃል፤ ለቁመት መለሎና ድንክ፣ ለሰውነት ሸንቃጣና ደንዳና፣ ለአፍንጫ ሰልካካና ደፍጣጣ፣ ለፀጉር ዞማና ከርዳዳ። ገጸ ባሕርይን በጸ ጻፉት፤ ሲበዛ ገጸ ባሕርያት ነው።

የማይቀረው የፆታ ጉዳይ ነው። የእንግሊዝኛ ጨዋታ አንድ ጽሑፍ የሚበቃው ቦታ ላይ አማርኛ ሁለት ይፈልጋል፤ ወፍሯል፣ ወፍራለች፤ ፀጉሩ፣ ፀጉሯ። አምስት ዓይነት ለውጥ በአራት ደረጃ ካላችሁ 20 ዓረፍተ ነገር ሳይሆን 40 ነው፤ ፋይሉን ከመጀመሪያው በሁለት ዓምድ ክፈቱት። «ጉንጭ ሞልቷል፤ ፀጉር ሸብቷል» እያሉ ባለቤቱን ማስቀረት ሰሌዳ ላይ ያስኬዳል፣ ትረካ ውስጥ ግን ደረቅ ነው።

የሸበተው ጀግና ጉዳይ ደግሞ ከመልኩ ጋር አነጋገሩም እንዲለወጥ ይጠይቃል። በወሎ ገጠር አንድ እረኛ ወጣቱን «አንተ፣ ደህና ዋልህ?» ይለዋል፤ ሽበት የወጣውን ግን «አንቱ፣ ደህና ዋሉ?» ነው የሚለው። ስለዚህ የሽበቱ ቁጥር 75 ሲያልፍ ከሱ በዕድሜ የሚያንሱት ገጸ ባሕርያት ንግግር በሙሉ ወደ አክብሮት ይዙር፤ ግሡም አብሮ ይዙር፣ «ተቀመጥ» የነበረው «ይቀመጡ» ይሁን። ሽማግሌዎቹ ግን «ልጄ» ማለታቸውን አይተዉም፤ የእነሱን መስመር ከለውጡ አውጡት።