የሶፍትዌርና የፓተንት ሕግን ወደ ፊንላንድኛ ለመተርጎም ለምታስቡ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ፊንላንድ አድጋችሁ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከቤት ውጭ ፊንላንድኛ የምትናገሩ፣ እንግሊዝኛውንም ከትምህርት ቤት ያገኛችሁና ትርጉምን ሙያችሁ ለማድረግ የምታስቡ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው ይህን የምጽፍላችሁ። እኔ ዕድሜዬን የገፋሁት የሶፍትዌርና የፓተንት፣ ማለትም ለፈጠራ የሚሰጥ የባለቤትነት መብት፣ ሕግ ሰነዶችን ከእንግሊዝኛ ወደ ፊንላንድኛ በመመለስ ነው። ከሁሉ አስቀድሜ የማሳስባችሁ፣ መዝገበ ቃላት ከመግለጣችሁ በፊት ሕጉ ራሱ ነገሩን በፊንላንድኛ ምን ብሎ እንደሚጠራው እንድትመለከቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 ሙኒክ ላይ የተፈረመውና ፊንላንድ በ1996 የገባችበት የአውሮፓ የፓተንት ስምምነት፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም «በራሱ» እንደ ፈጠራ አይቆጠርም ይላል። የእንግሊዝኛው ሐረግ (as such) ቃል በቃል ሲመለስ «ሴላይሴናን» ይሆናል፤ የ1967ቱ የፊንላንድ የፓተንት ሕግ ግን ይህንኑ ሐሳብ የሚገልጸው «ፔልካስታን»፣ ማለትም «ብቻ» በሚል ቃል ነው። ሁለቱም ጥሩ ፊንላንድኛ ናቸው። ሆኖም ሰነዱ የሚጠቅሰው ስምምነቱን ይሁን የአገሪቱን ሕግ ሳትለዩ አንዱን በሌላው ከተካችሁ፣ ጠበቃው የቃሉን ልዩነት አይቶ የሕግ ልዩነት አለ ብሎ ሊከራከርበት ይችላል፤ መከራከሩም ተገቢ ነው።

ስያሜ ወገን እንደሚይዝም እወቁ። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2002 ያቀረበው ረቂቅ መመሪያ ስለ «ቲየቶኮኔላ ቶቴውቴቱ ኬክሲንቶ»፣ በኮምፒዩተር አማካይነት ተግባራዊ ስለሚሆን ፈጠራ፣ የሚናገር ነበር። ተቃዋሚዎቹ ግን ይህ ስም ፕሮግራምን ገና ከመነሻው ፈጠራ ያደርገዋል ብለው ነገሩን «ኦህየልሚስቶፓቴንቲ»፣ የሶፍትዌር ፓተንት፣ ይሉት ነበር። ሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ሊነክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወና የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስም በ2003 ከተቃዋሚዎቹ ጎን ቆሟል። የአውሮፓ ፓርላማ በጁላይ 2005 ረቂቁን በ648 ድምፅ ለ14 ውድቅ አደረገው። የዚያን ክርክር ጽሑፍ ስትመልሱ የጸሐፊውን ስያሜ በራሳችሁ ምርጫ አትለውጡት፤ ሰውዬውን ካልቆመበት ወገን ታሰልፉታላችሁና።

ከፓተንት ሰነድ ሁሉ የሚከብደው የመብቱን ወሰን የሚያሰምረው ክፍል፣ «ፓቴንቲቫቲሙስ» የሚባለው ነው። እዚህ ላይ አማርኛ የለመደ ሰው ሊጠነቀቅ ይገባል። እኛ መጀመሪያ «ፕሮሰሰር» ብለን ቀጥለን «ፕሮሰሰሩ» ስንል የቀደመው መሆኑ ይታወቃል። ፊንላንድኛ ግን የእንግሊዝኛውን «the» ዓይነት መስተአምርም ሆነ የእኛን ዓይነት ቅጥያ ስለሌለው፣ በፓተንት ጽሑፍ «ማይኒቱ»፣ የተጠቀሰው፣ የሚል ቃል ይጨመራል። በአንድ ገጽ ላይ ደጋግሞ ሲመጣ ጆሮን ይቆረቁራል፤ ይሁን እንጂ ለውበት ብላችሁ ካወጣችሁት ሁለተኛው ፕሮሰሰር ያው የመጀመሪያው ይሁን ሌላ፣ አንባቢው አያውቅም። እንዲሁም «ካሲታ» እና «ኮስቱ» የሚሉትን ግሦች አትቀላቅሉ። በ«ካሲታ» መሣሪያው ሦስት ክፍሎችን «ያካትታል» ሲባል አራተኛ ክፍል የጨመረ ተወዳዳሪም በመብቱ ወሰን ውስጥ ይወድቃል፤ በ«ኮስቱ» ከሦስት ክፍሎች «ብቻ የተሠራ ነው» ከተባለ ግን ያ ተወዳዳሪ አራተኛውን ጨምሮ ሊያመልጥ ይችላል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ በፊንላንድ ሕግ መሠረት ትርጉሙና የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ የመረመረው ጽሑፍ ካልተስማሙ ጥበቃ የሚያገኘው በሁለቱም ላይ የሚገኘው ብቻ ስለሆነ ነው። አንድ መሐንዲስ ለዓመታት የደከመበት ሥራ በተርጓሚ ግሥ ምክንያት ሊጠብብበት ይችላል። ከኖቬምበር 2011 ጀምሮ ፊንላንድ የአውሮፓ ፓተንት የትርጉም ግዴታን የሚቀንሰውን የለንደን ስምምነት ስለተቀበለች ዝርዝር መግለጫው በእንግሊዝኛ መቅረት ይችላል፤ የመብት ወሰኑ ግን ዛሬም በፊንላንድኛ መቅረብ አለበት። የሥራው መጠን ቀንሷል፤ የቀረው ግን እጅግ ጥንቃቄ የሚሻው ክፍል ነው።

ስትጀምሩ በፊንላንድ የፓተንትና የምዝገባ ቢሮ ከታተሙት ሰነዶች ውስጥ ከመነሻው በፊንላንድኛ የተጻፉትን እየመረጣችሁ አንብቡ። ትርጉም እያነበበ ያደገ ተርጓሚ የሌላውን ስህተት ይወርሳል፤ የአገሬው መሐንዲስና ጠበቃ ለራሳቸው ጉዳይ የጻፉትን ያነበበ ግን የትኛው ቃል በሥራ ላይ እንዳለ ያውቃል። ያገኛችሁትን ቃል ከነምንጩ፣ ከነአንቀጹና ከነዓመቱ መዝግቡት፤ ደንበኛው ለምን ይህን ቃል መረጥክ ሲላችሁ የምታሳዩት እሱን ነው።