ባለቤቴ ስለ አሰልጣኙ ሲሟገት ልጄ ጥሎን ይወጣል

ጥያቄ፦

«የምንኖረው ፊላደልፊያ ነው። ባለቤቴ በዘጠናዎቹ መጨረሻ ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተምሯል። ከአዲስ አበባ ብቻውን መጥቶ ሰው ያገኘው በአሜሪካ እግር ኳስ ቡድኑ ደጋፊዎች መካከል ስለነበር ዛሬም ቡድኑ ሲነካ ደሙ ይፈላል። በምስጋና ቀን እንግዶች ባሉበት፣ ወንዶች ልጆችን በወሲብ በማጥቃት የተፈረደበት የቡድኑ የቀድሞ ምክትል አሰልጣኝ የጄሪ ሳንደስኪ ጉዳይ ተነሣ። ባለቤቴ ‹ዋና አሰልጣኙን ጆ ፓተርኖን ያለ ጥፋቱ ገደሉት፤ ልጆቹም ገንዘብ ፈልገው ነው እንጂ ያኔውኑ ለምን አልተናገሩም?› አለ። የ14 ዓመት ወንድ ልጃችን ሳህኑን ይዞ ተነሣና ክፍሉ ገባ። እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው አይደለም። ከመስከረም ወዲህ ደግሞ ከእግር ኳስ ክለቡ ልውጣ ይላል፤ ምክንያቱን አይናገርም። አባቱ ‹የጀመርከውን ጨርስ› ይለዋል። እኔ ፈርቻለሁ። ባለቤቴን ምን ልበለው?»

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

የጠየቁኝ ስለ ባለቤትዎ ነው፤ እኔ ግን ከልጅዎ ልጀምር። በዚያ ምሽት ልጅዎ አንድ ወንድ ልጅ «ትልቅ ሰው እንዲህ አደረገኝ» ብሎ ቢናገር በእናንተ ቤት ምን እንደሚባል ሰምቷል። ልጆች ምሥጢራቸውን ለማን እንደሚነግሩ የሚወስኑት አብዛኛውን ጊዜ እኛ ስለ ሌላ ሰው ልጅ ስናወራ እያዳመጡ ነው። በዓመት አንድ ቀን አስቀምጠን «ምንም ነገር ቢደርስብህ ንገረኝ» የምንላቸው ቃል በየማዕዱ ከምንናገረው ጋር ከተጋጨ የሚያምኑት የማዕዱን ነው።

ይህን ስል ልጅዎ ጥቃት ደርሶበታል ማለቴ አይደለም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ክለብ የሚጠላበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ተቀያሪ ሆኖ መቅረት፣ ከጓደኛ መጣላት፣ የትምህርት ጫና ሊሆን ይችላል። ከማዕድ የተነሣውም በአባቱ ክርክር አፍሮ ይሆናል። ሁለቱ አንድ ላይ መምጣታቸው ግን እንዲጠይቁ ያስገድድዎታል።

ባለቤትዎ ክፉ ሰው አይመስሉኝም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቡድናቸው ባሸነፈ ማግስት የትምህርት ቤታቸውን ስም የያዘ ልብስ አብዝተው እንደሚለብሱ፣ ስለ ድሉ ሲያወሩም «አሸነፍን» ማለት እንደሚቀናቸው አሳይተዋል። ከ100 ሺህ በላይ ሰው በሚይዘው በፔን ስቴት ስታዲየም አንዱ ወገን «እኛ» ብሎ ሲጮኽ ሌላው «ፔን ስቴት ነን» ብሎ ይመልስለታል። አገር ለቆ ለመጣ ወጣት «እኛ» ብሎ የሚጮኽበት ቦታ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ታዲያ የዚያ ስፍራ ስም በሕፃናት ላይ ከተፈጸመ በደል ጋር ሲነሣ ሰው ራሱ የተከሰሰ ያህል ይሰማዋል። መከላከሉ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ታሪኩን በአጭሩ ላስታውስ፤ ከባለቤትዎ ጋር ሲነጋገሩ ይጠቅምዎታል። ሳንደስኪ የፓተርኖ የረጅም ጊዜ ምክትል ነበር። በ1977 ለተቸገሩ ልጆች የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቁሞ ልጆቹን የሚያገኘው በዚያ በኩል ነበር። በ1998 አንዲት እናት ልጇ ፀጉሩ ረጥቦ ቤት ሲገባ ምክንያቱን ጠየቀችው፤ ከሳንደስኪ ጋር ገላውን እንደታጠበ ነገራት። ለፖሊስ አመለከተች፤ ምርመራ ተደርጎ ያለ ክስ ተዘጋ። በ2001 አንድ ወጣት ረዳት አሰልጣኝ በቡድኑ መታጠቢያ ቤት ሳንደስኪ በአንድ ልጅ ላይ ሲፈጽም ያየውን ለፓተርኖ ነገረው፤ ፓተርኖም ለአለቆቹ አስተላለፈ፤ ለፖሊስ የነገረ ግን አልነበረም። ሳንደስኪ የታሰረው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 2011 ነው። በ2012 በ45 ክሶች ጥፋተኛ ተብሎ ከ30 እስከ 60 ዓመት ተፈረደበት።

ፓተርኖ የተሰናበተው በኖቬምበር 9 ቀን 2011 ነበር። በዚያች ሌሊት በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች አደባባይ ወጥተው የቴሌቪዥን ጣቢያ መኪና ገለበጡ፤ ጩኸታቸው ስለ ልጆቹ ሳይሆን ስለ አሰልጣኙ ነበር። ባለቤትዎ የሚሉት ሁሉ ሐሰት ነው አልልም። ፓተርኖ በወንጀል አልተከሰሰም፤ ከተሰናበተ ሦስት ወር ሳይሞላው በካንሰር ሞተ፤ ስለ እሱ ድርሻ ሰዎች ዛሬም በቅንነት ይከራከራሉ። እሱ ራሱ ግን የበለጠ ባደረግሁ ኖሮ ብሎ መጸጸቱን ተናግሯል። እኛ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ብለን ያደግን ሰዎች የሞተን አዛውንት ስም ለመጠበቅ መነሣታችን አይገርምም። የሰውየውን ስም ለማዳን ሲባል የልጆቹን ቃል ማርከስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ከባለቤትዎ ጋር በፍጹም አልስማማም።

«ያኔውኑ ለምን አልተናገሩም?» ለሚለው፣ ሳንደስኪን ያሳሰረው ምርመራ በእሱ ቃል የተጀመረው ልጅ ምን እንደደረሰበት ይመልከቱ። በፓተርኖ መሰናበት የተቆጡ ተማሪዎች ስላዋከቡት በመጨረሻው ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ለቆ ወጣ። ከተማው ሁሉ የሚወደውን፣ የስታዲየም ትኬትና ስጦታ የሚያመጣልህን፣ እናትህ የምታመሰግነውን ሰው መክሰስ ለአንድ ልጅ ምን ያህል እንደሚከብድ ያስቡት። ትልልቆቹም ቢሆኑ ያው ናቸው። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሐኪም የነበረው ሪቻርድ ስትራውስ ከ1978 እስከ 1998 ባሉት ዓመታት ቢያንስ 177 ወንድ ተማሪዎችን ማጥቃቱን ዩኒቨርሲቲው ያስጠናው ምርመራ በ2019 ይፋ አድርጓል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ጡንቻቸው የዳበረ ስፖርተኞች ነበሩ። ብዙዎቹ በይፋ የተናገሩት ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ ነው። ወንድ ልጅ እንዲህ ዓይነት ነገር ይደርስበታል ብሎ የሚያምን ሰው ጥቂት በሆነበት በእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ ይሉኝታው እጥፍ ነው።

እንግዲህ ባለቤትዎን እንግዳ በሌለበት፣ ጨዋታ በማይታይበት ሰዓት ለብቻቸው ያነጋግሯቸው። ፓተርኖን እንዲያወግዙ አይጠይቋቸው፤ ያንን ክርክር ከጀመሩ ሌሊቱ ይነጋል። እንዲህ ቢሉ ይሻላል፦ «ቡድንህን ተው አልልህም፤ እዚያ ያሳለፍከው ዘመን ያንተ ነው። ግን ‹ገንዘብ ፈልገው ነው› ስትል ልጃችን ሰምቶ ተነሣ። አንድ ነገር ደርሶበት ቢሆን ከዚያ በኋላ ላንተ የሚነግርህ ይመስልሃል?» ከዚያ ዝም ይበሉና ይጠብቁ። ቡድኑን መውደድና ከተጎጂዎች ጎን መቆም እንደማይጋጩ ያሳዩት የባለቤትዎ ትምህርት ቤት ልጆች ራሳቸው ናቸው። ከሁከቱ ሁለት ቀን በኋላ ብዙ ሺህ ተማሪዎች ለተጎጂዎቹ ሻማ አብርተው ቆሙ፤ የቀድሞ ተማሪዎችም የወሲብ ጥቃት ለደረሰባቸው ሰዎች እርዳታ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር አሰባሰቡ። ባለቤትዎ ይህንን ወገን «እኛ» ቢሉ ኩራታቸው አይቀንስም።

ከተስማሙ ቃሉን ለልጁ የሚመልሱት አባቱ ራሳቸው ይሁኑ። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «ያን ቀን የተናገርኩት ስሕተት ነበር፤ እነዚያ ልጆች እውነታቸውን ነው። አንተ ብትነግረኝ አምንሃለሁ» ማለት ይበቃል። ለአበሻ አባት ልጅን ይቅርታ መጠየቅ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከእርስዎ አንደበት መቶ ጊዜ ከሚሰማው ከእሳቸው አንድ ጊዜ ቢሰማው ይበልጣል።

የክለቡን ጉዳይ ግን እርስዎ ዛሬውኑ መጀመር ይችላሉ፤ የባለቤትዎን መስማማት አይጠብቁ። ፊት ለፊት አስቀምጠው እንደ መርማሪ አይጠይቁት። መኪና ውስጥ፣ ዓይን ለዓይን በማትተያዩበት ሰዓት «ከክለቡ መውጣት ትችላለህ፤ ምክንያቱን ባትነግረኝም እፈቅድልሃለሁ። እዚያ የሚያስጨንቅህ ሰው ወይም ነገር ካለ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ» ይበሉት። የሰው ስም እየጠሩ «እገሌ ነካህ ወይ?» አይበሉት፤ መልሱን በአፉ ማስገባት ይሆናል። ዝም ቢል አይጫኑት፤ ከሳምንት በኋላ ደግመው ይሞክሩ። እስከዚያው ወደ ልምምድ አያስገድዱት፤ አባቱም እንዳያስገድዱት ይጠይቁ።

የሚያስደነግጥ ነገር ከነገረዎት ፊትዎን ያረጋጉ። እንደሚያምኑት፣ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ይንገሩት፤ «ለማንም አልናገርም» ብለው ግን ቃል አይግቡ። ወደ አሰልጣኙ ሄደው አይጋፈጡ። ነገሩን በሽምግልና ለመያዝ የሚፈልግ ዘመድ አይጠፋም፤ የንስሐ አባትዎም ሊያጽናኑዎት ይችላሉ፤ ሪፖርቱ ግን ለሕግ መድረስ አለበት። በፔንሲልቬንያ የሕፃናት ጥቃት የሚመዘገብበት ስልክ 1-800-932-0313 ሲሆን ቀንና ሌሊት ይሠራል። ለመደወል ማስረጃ መያዝ አይጠበቅብዎትም፤ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ይበቃል። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት ገና ሲጀምሩ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ።