የመኪናው ኪሎ ሜትር ልክ ካልሆነ ተጠያቂው ማነው?

የደረጃ "ሀ" ግብር ከፋዮች፣ ዓመታዊ ግብር የማሳወቂያው የመጨረሻ ቀን ጥቅምት 30 ደረሰባችሁ። አዳማ ውስጥ ፈቃድ ያለኝ የታክስ ወኪል ነኝ። ስለ መኪና ወጪ የመጡልኝን ጥያቄዎች እዚህ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሁለት አይሱዙ አለኝ። የጉዞ ደብተሩን የሚሞሉት ሾፌሮቹ ናቸው። ሒሳብ የሚሠራልኝ ወኪል "ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?" እያለ ይጨቀጭቀኛል። ሥራው መደመር አይደለም እንዴ?

መልስ፦ መደመር ብቻ አይደለም ወንድሜ። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት፣ የግብር ማስታወቂያዎን (ለግብር ቢሮ የሚያቀርቡትን የገቢና ወጪ መግለጫ) ያዘጋጀ ወኪል ሰነዶችዎን መመርመሩንና እስከሚያውቀው ድረስ ማስታወቂያው ትክክል መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጥልዎታል። ማረጋገጥ ካልቻለ እምቢ ማለት አለበት፤ ምክንያቱንም ጽፎ ይሰጥዎታል። የሚጨቀጭቅዎት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጋቢና ተቀምጦ እያንዳንዱን ጉዞ ሊያይ ነው?

መልስ፦ ያ አይጠበቅበትም። ወረቀቶቹን እርስ በርስ ማስተያየት ግን አለበት። ዓምና አንድ ደንበኛዬ የዓመቱን ደረሰኝ በፌስታል አመጣልኝ። የጋራዡን ሳይ መኪናው ካምቢዮው ወርዶ 11 ቀን ቆሟል። በእነዚያው ቀናት ግን በዚያው ታርጋ ሦስት ጊዜ ናፍጣ ተቀድቷል። ደብተሩ ከሐምሌ እስከ ሰኔ በአንድ እስክሪብቶ ተሞልቷል፤ አንዲት የዘይት ጠብታ እንኳ የለበትም። ደወልኩለት። ትንሽ ዝም አለና "ለወንድሜ መኪና ነው የቀዳሁት" አለኝ። ያንን አወጣን። የቀረውን ሾፌሩ ኪሱ ውስጥ ከሚይዛት ማስታወሻ አስተካከልን። ባልጠይቀው ኖሮ ስህተቱ የኔም ነበር።

ጥያቄ፦ ምን ምን ልያዝ?

መልስ፦ ጠዋት ሲነሳና ማታ ሲገባ ቆጣሪው ላይ ያለውን ኪሎ ሜትር። የት ሄደ፣ ምን ጫነ። የፈጣን መንገዱን ደረሰኝ አትጣሉ፤ ቀኑ ከደብተሩ ጋር ይመሳከራል። ነዳጅ በቴሌብር ከከፈላችሁ መረጃው ስልካችሁ ውስጥ አለ። ከአዳማ ሞጆ ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 120 ብላችሁ ከጻፋችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም።

ጥያቄ፦ የቤት መኪናዬ ልጆች ታደርሳለች፣ ለሱቁም ዕቃ ታመላልሳለች። ሙሉውን ላስገባ?

መልስ፦ አይሆንም እህቴ። የግል ወጪ ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ አይቀነስም። የሱቁን ጉዞ ለይተሽ ያዢ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ኡበር የሚነዳ ወንድሜ በማይል ይቀነስልኛል ይላል። እኛስ?

መልስ፦ እውነቱን ነው። እዚያ በፈረንጆቹ 2024 በማይል 67 ሳንቲም፣ በ2025 ደግሞ 70 ሳንቲም ተፈቅዷል። እዚያ የግብር ማስታወቂያ የሚያዘጋጀው ባለሙያም ደንበኛው የሰጠውን በቅን ልቦና መቀበል ይችላል፤ የማይመስል ነገር ካየ ግን የመጠየቅ ግዴታ አለበት። እኛ ጋ የሚቀነሰው በደረሰኝ የተደገፈው ወጪ ነው። ደብተሩ ያንን ደረሰኝ ያስረዳል።

ጥያቄ፦ ወኪሉ ቢሳሳት ቅጣቱን እሱ ይከፍላል?

መልስ፦ ግብሩም ቅጣቱም የሚመጣው እርስዎ ላይ ነው። ግብር አሳንሶ ማሳወቅ የጎደለውን 10 በመቶ ያስቀጣል፤ ሲደጋገም ወደ 30 እና 40 ይወጣል። ወኪሉም ሐሰተኛ ማስታወቂያ አቅርቦ ሆን ብሎ ወይም በቸልተኝነት አለማድረጉን ካላሳመነ ፈቃዱን ያጣል። እባካችሁ ጥቅምት 28 ላይ ፌስታል ይዛችሁ አትምጡ። ያን ጊዜ ደውሎ ለመጠየቅ ፋታ የለም።