«ቤታችን ትራንስፎርመር አጠገብ ነው፣ እንሽጠው ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን እንዳየሁ የያዝኩትን ሥራ አስቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። ከአጥራችሁ ጥግ ትራንስፎርመር ተተክሏል። በጓሮ በኩል ከፍተኛ መስመር ያልፋል። አንቺ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነሽ፤ ጎረቤቱ ሁሉ «ጨረሩ ጽንሱን ይጎዳዋል» እያለ እንቅልፍ ነስቶሻል። «ለሰው የተፈቀደው መጠን ስንት ነው? ቤቱን እንሽጠው ወይ?» ብለሻል። አትሽጡ። እዚሁ ጅማ፣ በዚሁ ወሬ የተነሳ የታላቅ ወንድሜ ቤት በማይረባ ዋጋ ሲሄድ ቆሜ አይቻለሁ።

1. ቁጥሩ ይኸውልሽ። ሰው «ጨረር» የሚለው በመስመሩና በትራንስፎርመሩ ዙሪያ ያለውን የማግኔትና የኤሌክትሪክ መስክ ነው። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። ለዚህ ዓይነቱ፣ አይክኒርፕ (ICNIRP) የሚባለው፣ ከእንዲህ ዓይነቱ ጨረር ስለ መጠበቅ መመሪያ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ ለማንኛውም ሰው የማግኔት መስኩን ገደብ 200 ማይክሮ ቴስላ (የማግኔት መስክ መለኪያ ነው) አድርጎታል። በ1998ቱ መመሪያ 100 ነበር፤ ብዙ ሰው አሁንም የሚጠቅሰው እሱን ነው። የኤሌክትሪክ መስኩ ገደብ በሜትር 5 ኪሎ ቮልት ነው። በሙያው ለሚሠሩት ከፍ ይላል፤ 1000 ማይክሮ ቴስላና በሜትር 10 ኪሎ ቮልት። ቁጥሮቹ የተቀመጡት መስኩ ነርቭንና ጡንቻን መነካካት ከሚጀምርበት መጠን በደንብ ዝቅ ተደርገው ነው። ከከፍተኛ መስመር በቀጥታ ሥር ብትቆሚ እንኳ ማግኔቱ ብዙውን ጊዜ ከ20 ማይክሮ ቴስላ አያልፍም። ራቅ ባልሽ ቁጥር ደግሞ ቶሎ ይወርዳል።

2. አንዱ መጥቶ «ገደቡ 0.4 ነው» ቢልሽ አትደንግጪ። ቁጥሩ ግን ከአየር ላይ የተቀዳ አይደለም። የብዙ አገር ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ አማካዩ ከ0.3 ወይም 0.4 ማይክሮ ቴስላ በላይ በሆነ ቤት በሚኖሩ ልጆች ላይ የደም ካንሰር በዛ ብሎ ተገኝቷል። ያመጣው መስኩ ራሱ ይሁን ሌላ ነገር አልተረጋገጠም። በዚህ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ2002 የማግኔት መስኩን «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው ምድብ አስገባው። የጅማ ሰው ይህን ይስማ፦ በዚያን ጊዜ ቡናም እዚያው ምድብ ውስጥ ነበር! በ1991 ገብቶ በ2016 ነው የወጣው። ስለዚህ 0.4 የጥናት ቁጥር እንጂ የተፈቀደ መጠን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ማስረጃውን ሁሉ ሲመረምርም ገደቡን ወደዚያ አውርዱ አላለም። በጣም ትንሽ ወጪ ብቻ የሚጠይቅ ጥንቃቄ ካለ ግን ማድረጉ አይከፋም ብሏል። ጽንስን ይጎዳል ለማለት የሚበቃ ማስረጃም አላገኘም። አልጋሽ ከቆጣሪው ግድግዳ ጀርባ ከሆነ ወደ ሌላው ጥግ ይገፋ። ማግኔቱ ግድግዳን አልፎ ይገባልና። የኤሌክትሪክ መስኩን ግን ግድግዳና ቆርቆሮ ጣሪያ አብዛኛውን ይከለክሉታል።

3. በስልክ እለካለሁ የሚል ሰው ግቢሽ እንዳይገባ። የወንድሜን ቤት ያስወሰደው ይሄ ነው።

ቤቱ ጅማ፣ ቆጪ የሚባለው ሰፈር ነበር፤ የጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ከላይ መስመር የሚያልፍበት። ክረምት ሲገባ ጣሪያውን የነካ ይነዝረዋል። የልብስ ማስጫው ሽቦ ጣሪያው ላይ ታስሮ ስለነበር እሱም ይነዝራል። የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ፣ ወራት ነው የሚዘንበው። ሰፈሩ «ጨረር ነው» አለ። ከዚያ ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው መጥቶ ስልኩን ጣሪያው ሥር ያዘና 36 አነበበ። «ገደቡ 0.4 ነው፣ እናንተ ዘጠና እጥፍ ላይ ናችሁ» አላቸው። የወንድሜ ሚስት ያን ቀን ልጆቿን ይዛ እናቷ ቤት ሄደች።

አየሽ፣ ያ 36 የመሬት የራሷ ማግኔት ነው። ኮምፓስን የሚያዞረው እሱ ነው። ጅማ ላይ ከ30 እስከ 40 ማይክሮ ቴስላ ነው፤ ሽቦ በሌለበት እርሻ መሐል ብትቆሚም፣ ጅሬን ወጥተሽ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደጅ ብትለኪም ስልክሽ ያንኑ ነው የሚያሳይሽ። ከመብራቱ ማግኔት ጋር አይገናኝም፤ የመብራቱ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ የመሬቷ ባለበት ይቆማል።

ወንድሜ ባለሙያ ይላክልን ብሎ ማመልከቻ ይዞ ሄደ። አብሬው ነበርኩ። የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም። ኃላፊው ወረቀቱን አላነበበውም። «መስመሩ ከእናንተ በፊት ነው የመጣው፤ ካልተመቻችሁ ልቀቁ» አለን። ወንድሜ በዕድሜ አባቱ ይሆናል፤ ቁጭ በል እንኳ ሳይለው እንደቆመ ነው የመለሰው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ብዙም ሳይቆይ ደላላ መጣ፣ «ጨረር ያለበት ቤት ማን ይገዛል» እያለ ዋጋውን ሰበረው፣ ቤቱ ሄደ።

ገዢው ምን አደረገ መሰለሽ? ኤሌክትሪሻን ጠራ። ከምሰሶው ወደ ቤት የሚገባው ገመድ የቆርቆሮውን ጠርዝ እየታከከ ላስቲኩ ተልጦ ነበር። በቃ። ጥቂት ሜትር ገመድ ተቀየረ፣ ንዝረቱ ቆመ። ስለ ጨረር ስናወራ የወንድሜ ልጆች ሰው በሚገድል ሽቦ ሥር ሲጫወቱ ከርመዋል። መለኪያም ገደብም የማያስፈልገው አደጋ እሱ ነበር፣ ያየልን ሰው ግን አልነበረም።

ስለዚህ የእናንተ ቆርቆሮ፣ አጥር ወይም የልብስ ሽቦ ይነዝር እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂ። የሚነዝር ከሆነ ማንም አይንካው፣ ኤሌክትሪሻን ጥሩ። ከፍተኛ መስመር ሥር ያለ፣ ከመሬት ጋር ያልተገናኘ ቆርቆሮ ገመድ ባይነካውም ቻርጅ ይዞ ሊቆነጥጥ ይችላል፤ ያኛው መሬት ላይ በማሰር ይፈታል። የቱ እንደሆነ ባለሙያ ይለየው እንጂ ራሳችሁ አትሞክሩ።

ከዚያ ወዲህ እኔ ዝም አላልኩም። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር የሰፈራችን ልጅ ትክክለኛ መለኪያ አውሶኝ የራሴንም የጎረቤቶቼንም ቤት ለክቻለሁ። ሰፈራችን ውስጥ አሁን በጨረር ወሬ ቤቱን የሚሸጥ የለም፣ በዚህ እኮራለሁ። ትራንስፎርመሩ ምሰሶ ሥር 3 ማይክሮ ቴስላ ገደማ ነበር። አሥር እርምጃ ራቅ ስል ከቤት ውስጡ አይለይም። ከሁሉ የበለጠው የእኔው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው! እየጋገረ መለኪያውን ስናስጠጋው ትራንስፎርመሩን ጥሎት ሄደ፤ ክንድ ያህል ስንርቅ ደግሞ ወረደ። አንቺም ሊጡን አፍስሰሽ ስትከድኚው ራቅ በይ፣ ሌላ ጥንቃቄ አያስፈልግሽም። መለኪያው በሚሊጋውስ የሚያነብ ከሆነ ለ10 አካፍዪው፤ 30 ሚሊጋውስ ማለት 3 ማይክሮ ቴስላ ነው። ይህን ባለማወቅም የሚደነግጥ አለ።

ለመብራት መሥሪያ ቤቱ ስትጽፉ «ጨረር» አትበሉ፣ ያባርሯችኋል። ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ ቤታችሁ ከመስመሩ በሕጉ ርቀት ላይ መሆኑን፣ እና ወደ ቤት የሚገባው ገመድ እንዲታይላችሁ። በሁለት ቅጂ አድርጉት፣ ገቢ የተደረገበት ቁጥርና ማኅተም የእናንተ ቅጂ ላይ ይረፍ። ወንድሜ እጅ ላይ ያ ወረቀት ቢኖር ኖሮ ክርክሩ ሌላ ይሆን ነበር።

ጅማ ውስጥ ከሆንሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። መለኪያውን ተውሼ እመጣለሁ። ማታ፣ ሁሉም ሰው መብራት በሚያበራበት ሰዓት ይሁን፤ በመስመሩ የሚያልፈው ኃይል ሲበዛ ነው ማግኔቱም ከፍ የሚለው፣ ትልቁን ቁጥር ብናይ ይሻላል።