ጨቅላውና የደሙ ቅባት፦ ለጥያቄዎቻችሁ የተሰጠ መልስ

ስለ ኮሌስትሮል የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ ደም ግፊት ካስጨነቃቸው ጎልማሶች ነበሩ። በዚህ ወር ግን የጻፉልኝ አራሶችና አያቶች ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሲወለድ ከእትብቱ በተወሰደው ደም ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ 66 ሆኖ ተገኘ። የእኔ 190 ነው። ልጄ ጎድሎበት ይሆን?

መልስ፦ ምንም አልጎደለበትም፤ እንኳን ማርያም ማረችዎ። ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ጨቅላ የእትብት ደም በዴሲሊትር ከ60 እስከ 70 ሚሊግራም ግድም ኮሌስትሮል ይይዛል፤ የአዋቂ ሲሶ መሆኑ ነው። ቅባት ከውሃ ጋር ስለማይዋሃድ በደም ውስጥ የሚጓዘው በፕሮቲን በተጠቀለሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ተጭኖ ነው። በአዋቂ ደም አብዛኛውን ጭነት የሚሸከመው ኤልዲኤል የተባለው ቅንጣት ነው። በጨቅላው ደም ግን ኤልዲኤሉ ወደ 30 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በታች ስለሚሆን፣ ኤችዲኤል የተባለው ቅንጣት ከእርሱ የማይተናነስ ድርሻ አለው። የጨቅላው ቁጥር ዝቅ የሚለውም በምክንያት ነው፤ ጽንስ በማህፀን ሳለ ጉልበት የሚያገኘው በዋናነት ከስኳር ነው፤ ኮሌስትሮሉንም አብዛኛውን ራሱ እየሠራ የቀረውን በእንግዴ ልጁ በኩል ከእናቱ ይቀበላል። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ቁጥራቸው ከዚህ ከፍ ይላል። ስለዚህ ልጅዎን ከጎረቤት ልጅ ጋር አያወዳድሩት።

ጥያቄ፦ የእናት ጡት ወተት የሕፃኑን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል ሲባል ባለቤቴ ሰምቶ፣ የዱቄት ወተት ይሻላል ይለኛል።

መልስ፦ የሰማው እውነት ነው፤ የደረሰበት ድምዳሜ ግን ስህተት ነው። ጡት የሚጠቡ ሕፃናት ኮሌስትሮላቸው የዱቄት ወተት ከሚጠጡት ይበልጣል። የጡት ወተት ኮሌስትሮል አለው፤ የዱቄቱ እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ግን በሽታ ሳይሆን ምግብ ነው። ከጡት ወተት ከሚገኘው ጉልበት ግማሽ ያህሉ ከቅባት ይመጣል። በሰውነታችን ካለው ኮሌስትሮል አምስት እጅ አንዱ ወይም ከዚያ የሚበልጠው የሚገኘው በአንጎል ውስጥ ነው፤ የነርቭ ጅማቶችን የሚለብጠው ሽፋን የሚሠራው ከእርሱ ጋር ነው፣ ሥራውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ይጣደፋል። እንዲያውም ጡት ጠብተው ያደጉ ሰዎች በጉልምስናቸው ኮሌስትሮላቸው በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ ለስድስት ወር ጡት ብቻ ያጥቡት። ሁለት ዓመት እስኪሞላውም ስቡ የወጣለት ወተት አይስጡት። ይህን ለባለቤትዎ ያንብቡለት።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ስምንተኛ ወሬ ነው። ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደሜ ቅባት እጥፍ ሆኗል።

መልስ፦ በእርግዝና መጨረሻ ትራይግሊሰራይድ ሁለትና ሦስት እጥፍ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ኮሌስትሮልም አብሮ ይጨምራል። ምግብዎን አይቀንሱ፤ ከወለዱ ጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ያስለኩት። ቁጥሩ በብዙ መቶዎች ከፍ ካለ ወይም ከባድ የሆድ ሕመም ካለብዎት ግን ለሐኪምዎ ወዲያውኑ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ አማቴ ለአራሱ ልጅ ጥሬ ቅቤ ማስዋጥ ይፈልጋሉ። «አንጀቱን ያለሰልሳል» ይላሉ። ቅባት ይጠቅመዋል ካሉ ምን ይከለክላል?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ልቤን ይነካኛል፤ በብዙ የአገራችን ቤቶች ቅቤው የሚመጣው ከፍቅር ነውና። ይሁን እንጂ ሕፃኑ ቅባት የሚያገኝበት መንገድ ተዘጋጅቶለታል። እንገሩ፣ ያ ብዙዎች የሚያፈሱት ቢጫ ወተት፣ ከኋለኛው ወተት ይልቅ በኮሌስትሮል የበለጸገ ነው፤ በሽታ ተከላካይ ፕሮቲኖችም ሞልተውታል። ቅቤ የቀመሰ ሕፃን የጡት ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ በቅቤው ውስጥ ያለው ጀርም ላልበረታ አንጀቱ ይተርፋል፤ መዋጥ በቅጡ ባልለመደ ጉሮሮም ቅባቱ ወደ ሳንባው ሊገባና ከባድ የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። ለአማትዎ በአክብሮት እንዲህ ይበሏቸው፦ ቅቤው ለአራሷ ገንፎ ይሁን፣ ልጁ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ።

ጥያቄ፦ አባቴ በ41 ዓመቱ በልብ ድካም ሞተ። ወንድሜ ኮሌስትሮሉ 340 ነው። ሚስቴ ልትወልድ ነው፤ የእትብቱን ደም ላስመርምር?

መልስ፦ የእትብት ደም አያስተማምንም፤ በሽታውን የወረሰና ያልወረሰ ሕፃን ቁጥር ይደባለቃል። እርስዎ የሚሰጉት በዘር የሚተላለፍ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ከ250 እስከ 300 ሰዎች በአንዱ ላይ ይገኛል፤ አንድ ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ እኩሌታ ነው። በሽታው ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የሚይዝባቸው ተቀባዮች ሲጎድሉ እንደሚመጣ ያሳዩት ተመራማሪዎች ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስቲን በ1985 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ሁለቱም ወላጆች ካለባቸው ግን ነገሩ ይከፋል፤ ሕፃኑ ገና በልጅነቱ በክርንና በጉልበቱ ላይ ቢጫ እብጠት ሊያወጣ ይችላልና ሐኪም ሳይውል ሳያድር ይየው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመረመሩት እርስዎ ነዎት፣ ቀጥሎ ሚስትዎ። በእርስዎ ላይ ከተገኘ ልጁ ሁለት ዓመት ሲሞላው ደሙ ይታይ። እስከዚያ ጡቱን ይጥባ፤ እርስዎ ግን በዚህ ሳምንት ይሂዱ።